የሰኞው ፊርማ

ኢንስፔክተር ባንችይርጋን የሚያናድዳት ሬሳ አይደለም፤ ሬሳ የእንጀራዋ ጉዳይ ነው። የሚያናድዳት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲል ኖሮ፣ ጉዳዩን ሁሉ እንዳንጠለጠለ የሚሞት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን በጨፈነ ማግሥት ዘመድ ከዘመድ ይናከሳል፣ መንደሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ጣጣው ዞሮ ዞሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በጥቅምት ማገባደጃ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከላሊበላ ገበያ ጥግ ጫማዋን እያስቦረሸች ሳለ ስልክ ተደውሎ አቶ ኪዳን ቤታቸው ውስጥ ሞተው መገኘታቸው ሲነገራት፣ አስቀድማ የጠየቀችው ስለ አሟሟታቸው አልነበረም።

«ኑዛዜ ነበራቸው?» አለች።

«የለም ነው የሚሉት» አለ ደዋዩ ፖሊስ።

«ጋብቻስ?»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሴትዮዋማ አሉ። ግን አልተፈራረሙም።»

ባንችይርጋ አንድ እግሯ አብረቅርቆ፣ ሌላው አቧራ እንደለበሰ ተነሥታ ሄደች።

አቶ ኪዳንን በላሊበላ የማያውቃቸው አልነበረም። በጉብዝናቸው ወራት እንግዳ አስጎብኚ ነበሩ፤ ኋላ ከገበያው በላይ ካለው አቀበት ላይ አንዲት ትንሽ ማረፊያ ሠሩ። ማረፊያዋ ስትሠራ ድንጋይና ጭቃ ያቀበለችው ኡሙሀኒ ናት። ከመጀመሪያ ሚስታቸው ከተለያዩ ወዲህ ሃያ ዓመት አብራቸው ኖራለች። እሷ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸውና ቤተ ክርስቲያን አያጋባቸው፣ ኒካሕ አይታሰርላቸው። ማዘጋጃ ቤት ግን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ደጃፉም ከማረፊያዋ በረንዳ ቁልቁል ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልቁል ሲያዩት ኖሩ። በመጨረሻ ባለፈው ሳምንት አቶ ኪዳን ሰኞ ወርደው ጋብቻቸውን እንደሚፈርሙ፣ በዚያው አራት ምስክር አቁመው ኑዛዜያቸውን እንደሚያጽፉ ላገኙት ሰው ሁሉ ተናገሩ። ቅዳሜ ሞቱ።

ሬሳው ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ እንደተደገፈ ነበር። ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ቀርቧል። እንጀራው ዳር ዳሩን ተቆርሷል፣ አንድ እግር ግማሽ ድረስ ተግጧል፣ በስለት ለሁለት የተከፈለ ግማሽ እንቁላል መረቁ ውስጥ ተጋድሟል። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም የሟቹን የዓይን ብሌን ገልጦ አየ።

«ፀረ ተባይ ነው» አለ። «ለእህል የሚረጨው። በአፋቸው ነው የገባው። ማረጋገጫው ግን ናሙናው ደሴ ደርሶ ሲመለስ ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ፈጠነ ከተባለ በወር።»

«ተዝካራቸው ሊደርስ ሲል ነዋ!» አለች ባንችይርጋ።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አነሣችና ጣቶቹን አሸተተች። ሽንኩርትም፣ በርበሬም፣ ሳሙናም አይሸቱም። ጋቢያቸውን ያበላሸውን ትውከት አየች፤ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ የሽሮ ድስት እንደተከደነ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ሌሎቹ ድስቶች ታጥበው ተደፍተዋል። ግድግዳው ላይ አንድ ቢላ ተሰክቷል።

«ሌላ ቢላ ፈልግ» አለችው ፖሊሱን።

«ሰውየውን ቢላ ነው እንዴ የገደላቸው?»

«ፈልግ አልኩህ እኮ!»

ከመደርደሪያ እስከ ጓዳ ፈለገ፣ አጣ። ባንችይርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሥር ብዙ ንብ ረግፏል፤ አንዳንዱ ገና በጀርባው ተገልብጦ ይንፈራገጣል። ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ፖሊሱ በዚህኛው ጊዜ ምንም አልጠየቀም።

ኡሙሀኒ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከገበያ የያዘችው ዘንቢል ገና ከክንዷ አልወረደም።

«ወጡን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ባንችይርጋ።

«ወላሂ አልሠራሁም። ሽሮ ትቼለት ነው ገበያ የወረድኩት። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ዶሮውን ማን አመጣው ታዲያ?»

«አላውቅም እህቴ።»

«በዚህ ቤት ዶሮ የሚያርደው ማን ነው? እሳቸው ናቸው አንቺ?»

ኡሙሀኒ ዓይኗን ሰበረች። «እሱን ተይኝ። የሁለታችን ነገር ነው። ለማንም ላንናገር ተማምለናል።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል! መሐላው ለማን ነው?»

«የሞተ ሰው መሐላ ይብሳል» አለች ኡሙሀኒ፣ አፏንም ዘጋች።

ባንችይርጋ ጥርሷን ነከሰች። ንጹሕ ሰው አፉን ዘግቶ ራሱን ሲያስጠረጥር ማየት ከወንጀለኛ ውሸት ይልቅ ያበሳጫታል። ደጅ የተሰበሰበው ሰው ደግሞ ፈርዶ ጨርሷል። አብሳይዋ እሷ፣ ባዕዷ እሷ፣ ያልተፈራረመችውም እሷ! ኮማንደሩ ሳይመሽ ደወለላት።

«እሰሪያት። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ታቀርቢያታለሽ።»

«ጌታዬ፣ የሚጎረብጠኝ ነገር አለ።»

«እኔንም ይጎረብጠኛል፤ ሕዝቡ ግን ደጄን ሞልቶታል። እስከ ሰኞ ካገኘሽ አገኘሽ።»

እሑድ አቶ ኪዳን ተቀበሩ። ኡሙሀኒ የሃያ ዓመት ሰውዋ ሲቀበር ጣቢያ ውስጥ ነበረች። ባንችይርጋ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኞቹን በየተራ እየጠራች ጠየቀች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ።

መጀመሪያ የመጣው ምሥጋናው ነው፤ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የተወለደ አንድ ልጃቸው። እሱም እንደ አባቱ አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ በቀረበት ዘመን አስጎብኚ መሆን ግን ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ መሸጥ ነው።

«ኡሙሀኒ ለአባትህ ምናቸው ናት?»

«ሠራተኛ» አለ ምሥጋናው፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሠራተኛ?»

«የቤት ሠራተኛ። ቤት ትጠብቃለች፣ ታበስላለች።»

«አብረሃቸው ኖረህ ታውቃለህ?»

«ትንሽ ልጅ ሳለሁ። ጥቂት ዓመት።»

«እና ሠራተኛዋ የት ነበር የምትተኛው?»

ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። ቅዳሜ የት እንደነበረ ስትጠይቀው «ተኝቼ፤ እንግዳ የለኝ፣ ወዴት እሄዳለሁ?» አላት። ተኝቶ መዋሉን ያየ ሰው ግን የለም። ባንችይርጋ ነገሩ ገብቷታል። ሠራተኛ ከሆነች ደመወዟን ይዛ ትሄዳለች። እንደ ሚስት የኖረች ከሆነች ግን፣ ባይፈራረሙም እንኳ፣ አብረው ያፈሩትን እኩሌታ ታነሣለች። ልጁን በጥፊ ብትለው ደስ ባላት፤ ደንቡ አይፈቅድም።

ቀጥሎ ዘውገ መጣ፤ የአቶ ኪዳን ታናሽ ወንድም። ገነተ ማርያም አጠገብ ገብስ ያርሳል፣ ንብ ያረባል። ኩታውን አጣፍቶ ቁጭ አለ።

«ተዚያ ቤት ውኃ እንኳ ቀምሼ አላውቅም!» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ሃያ ዓመት! ማዕዳቸው ላይ እጄን አልሰደድሁም፣ ደጃቸውንም አልረገጥሁም። ወንድሜን ተሃይማኖቱ ያስወጣች ሴት ናት።»

«ቅዳሜ የት ዋሉ?»

«ገበያ። ማሬን ሸጥሁ፣ ወዳገሬ ተመለስሁ። መርዶውም እዚያው ደረሰኝ።»

«የሚያርሱት መሬት በማን ስም ነው?»

ዘውገ አፈጠጠባት። «ያባታችን መሬት ነው። ሲመዘገብ በታላቅነቱ በሱ ስም ሆነ እንጂ ያረስሁትስ እኔ ነኝ። ይኸ ተነገሩ ምን አገናኘው? ሰኞ እፈርማለሁ ያለውም ለማታለል ነው፤ ሊያባርራት እንደሆን ስታውቅ ዶሮ ሠርታ ገደለችው፤ አለቀ!»

መጨረሻ የተጠሩት የአቶ ኪዳን የንስሐ አባት ቄስ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ለሰኞው ኑዛዜ ከምስክሮቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«አባታችን፣ ኑዛዜው ምን ሊል ነበር?»

«አደራ ነው ልጄ። እስኪፈረም ለማንም እንዳይነገር ብሎኛል።»

«ፈራሚው እኮ አፈር ገባ!»

«አደራው አልገባም።»

ባንችይርጋ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። አንዷ መሐላ፣ አንዱ አደራ! ይህ ሰው በሕይወት ሳለ የሰውን አፍ ሁሉ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄዷል። «እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ቤት በልተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ። ደጋግሜ በልቻለሁ» አሉ ቄሱ። «እሷ የሠራችውን ምስር ነው የምበላ።»

ባንችይርጋ መስቀላቸውን ተሳልማ ተነሣች። ከዚያ በገበያው ዙሪያ ያሉትን ምግብ ቤቶች አንድ ባንድ ማዳረስ ያዘች። በየገባችበት ዶሮ ወጥ ታዝዛለች፤ አይታ ሳትበላ ከፍላ ትወጣለች። ትርሐስ የምትባል ሴት ቤት የቀረበላት ወጥ ላይ ግን ግማሽ እንቁላል አገኘች፤ በስለት የተከፈለ።

«ምነው እንቁላሉ ጎደለ?» አለቻት።

«እንቁላል በዚህ ዋጋ ሙሉውን ማን ይሰጥሻል፣ እመቤቴ?» ስትል ሳቀች ትርሐስ።

«ቅዳሜ ዶሮ ወጥ በዕቃ አስይዞ የሄደ ሰው ነበር?»

ትርሐስ ማን እንደነበር ነገረቻት። ባንችይርጋ በዚያ ሰንበት ለመጀመሪያ ጊዜ እንጀራውን ጠቅልላ ጎረሰች።

ሰኞ ጠዋት ኡሙሀኒን ከጣቢያ ይዛ ወጣች። የሄደችው ግን ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ሐዘኑ ቤት ነው። ኮማንደሩ በስልክ ሲጮህ «ትንሽ ይታገሱኝ፤ ከዚያ ከፈለጉ እኔንም አብረው ያቅርቡኝ» ብላ ዘጋችበት። ድንኳኑ ውስጥ ምሥጋናው፣ ዘውገና ቄስ ገብረ ሚካኤል ብቻ እንዲቀሩ አደረገች። ኡሙሀኒ መግቢያው አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።

«አገሩ ሁሉ አቶ ኪዳን ዶሮ ወጥ በልተው ሞቱ ይላል» ብላ ጀመረች ባንችይርጋ። «አልበሉም። ጣታቸውን አሽትቻለሁ፤ እንኳን ዶሮ ወጥ፣ የሽንኩርት ሽታ አልነካውም። ታጥበው ነው እንዳይባል፣ ሳሙናም አይሸትም። ትውከታቸው ደግሞ ቢጫ ነው። ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ቢያስመልሰው ጋቢው በርበሬ ይመስል ነበር።»

«ታዲያ ያ የተቆረሰው እንጀራ?» አለ ምሥጋናው።

«አባትህ ከሞቱ በኋላ ሌላ ሰው የቆረሰው ነው። ወጡ ለመብል አልመጣም፤ ለመመስከር ነው የመጣው። ‹አብሳይዋ ገደለችኝ› እንዲል።» ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ፈታችው፤ የደረቁት ንቦች ታዩ። «የገደላቸውን የነገሩኝ እነዚህ ናቸው። ከቧንቧው ሥር ረግፈው አገኘኋቸው። ሰው አንድ ነገር ከብርጭቆ ደፍቶ፣ ብርጭቆውን እዚያው አጥቧል። ንብ የሚሻማበት ምን ዓይነት መጠጥ ነው?»

«ብርዝ» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል ቀስ ብለው። «የማር ውኃ።»

«ብርዝ፣ አባታችን። ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠጣው፣ ጣፋጭነቱ ሌላውን ጣዕም የሚሸፍን። አቶ ኪዳን ብርዙን ጠጡ፤ የቀረው ተደፋ፤ ንቦቹም የሳቸው ዕጣ ደረሳቸው።»

ዘውገ ኩታውን ሰብሰብ አደረገ። «በዚህ አገር ማር ያለው ብዙ ነው።»

«ልክ ነው፤ በማር ብቻ ሰው አይታሰርም። ወደ ዶሮው እንመለስ። እንቁላሉ በስለት ተከፍሏል። ቤቷ ዶሮ የምትሠራ ሴት እንቁላሉን ሙሉውን ነው የምትጥለው፤ በላተኛ በጁ ይከፍለዋል። እንቁላል የሚከፍለው ትርፍ የሚያሰላ ምግብ ቤት ነው። ስለዚህ ወጡ ከውጭ የመጣ ነው። ይህም ይቅር፤ ሰነፍ ሴትም ከምግብ ቤት ልትገዛ ትችላለች። አንቀጥቅጦ ያነቃኝ ሌላ ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ቢላ ብቻ ነው።»



«እኛ የወሎ ልጆች ነን፤ እንተዋወቃለን» አለች ባንችይርጋ። «ክርስቲያንና እስላም አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የእርዱ ቢላ ሁለት፣ የሥጋው ድስት ሁለት ይሆናል፤ የሱ ለብቻ፣ የሷ ለብቻ። አለዚያ...» ወደ ኡሙሀኒ ዞረች። «አንቺ ጨርሺው። መሐላሽን እኔ አፍርሼዋለሁ።»

ኡሙሀኒ መቀነቷን አፍተለተለች።

«ሥጋ ገብቶ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «ተተጋባን... ተተገናኘን ጀምሮ። እሱ ፋሲካን ውጭ ይፈስካል፣ እኔ ለዓረፋ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰው እንዳይሰማ ተማማልን። የሱ ወገን ቢሰማ አሰለመችው ይላል፣ የኔ ወገን ቢሰማ ከፈረች ይላል። እንዲህ አድርገን ነው ማዕዳችንን አንድ ያደረግነው።»

«እንግዲህ ልብ በሉ» አለች ባንችይርጋ። «ይህን የሚያውቅ ሰው ኡሙሀኒን ለመወንጀል ዶሮ ይዞ አይመጣም። ሽሮውን ይመርዝ ነበር፤ ምድጃው ላይ ነበረለት! ዶሮ ያመጣው የቤቱን ማዕድ የማያውቅ ሰው ነው። ምሥጋናው፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

ልጁ የገባበት ወጥመድ ወለል ብሎ ታይቶታል። አላውቅም ቢል ዶሮውን ሊያመጣ የሚችለው እሱ ነው። አውቃለሁ ቢል ደግሞ፣ ለመሆኑ የትኛው አባወራ ነው ለሠራተኛው ብሎ ሥጋ ከቤቱ የሚያስወጣው ይባላል። ባንችይርጋ አላጣደፈችውም። ቤቱን ሁሉ የሚያጣበት ወይም ግማሹን የሚያካፍልበት ቃል ነው፤ ይታገልበት ብላ ተወችው።

«አውቃለሁ» አለ ምሥጋናው። «ልጅ ሆኜ ሥጋ ሲያምረኝ አባቴ ምግብ ቤት ነበር የሚወስደኝ። እቤት ለምን አንሠራም ስለው፣ ‹እሷ የማትበላው እኔ ቤት አይገባም› ይለኝ ነበር።»

«ይህን ሰው ለማን ያደርጋል?»

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ለሚስቱ።»

«ጮክ በል።»

«ሚስቱ ናት! ሠራተኛ ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ኡሙሀኒ ግድግዳ የሌለው ድንኳን ውስጥ ግድግዳ ፈልጋ፣ ምሰሶውን ያዘች።

«ቄስ ገብረ ሚካኤልም ያውቃሉ» አለች ባንችይርጋ፣ ድምፅዋ እየከረረ። «በልተዋል፤ ቄስ ሳይሳቀቅ የሚቀርብበት ማዕድ መሆኑን አይተዋል። እዚህ ከተቀመጣችሁት የዚያን ቤት ማዕድ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሃያ ዓመት እጄን አልሰደድሁም ብሎ የፎከረልኝ ሰው። አቶ ዘውገ፣ አንድ ቀን እንኳ ንቀትዎን ትተው ሽሯቸውን ቀምሰው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ አላገኝዎትም ነበር።»

«ደጁን አልረገጥሁም አልሁሽ እኮ!» ዘውገ ተነሥቶ ቆመ።

«ትርሐስ ውጭ ቆማለች። ቅዳሜ ዶሮ ወጥ በዕቃ ያስያዘችዎት ሴት። ‹ለመንገዴ› ብለዋታል። አንድ እግር ይዞ ወደ ገነተ ማርያም የሚሄድ ሰው ለምን ወደ ማረፊያው አቀበት እንደወጣ ነው እሷም የገረማት።»

ዘውገ ተመልሶ ተቀመጠ። 

«ያባቴን መሬት ለባዕድ ሊሰጥብኝ ነበር» አለ። «ሰኞ ቢፈርም ለሷ ነበር የሚሆን። ሳይፈርም፣ ሳይናዘዝ ቢሞት ለኔ ይመለሳል ብዬ...»

«ማን አለዎት?» ባንችይርጋ ጮኸች። «ማንን ጠየቁ? ልጅ እያለ ወንድም ይወርሳል ያለዎት ማን ነው? ሚስትም ብትሆን ያለ ኑዛዜ ድርሻዋን ታነሣለች እንጂ ወራሽ አትሆንም! ከመግደል በፊት አንድ ሰው እንኳ አይጠየቅም?» እሷንም አሳዝኗት ተወችው። አገሩ ሁሉ ሳይጠይቅ አውቃለሁ የሚለው ሕግ ይህ ነው።

ቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ዘውገን ትክ ብለው አዩት።

«አደራዬን አሁን አወርዳለሁ» አሉ። «ለእግዚአብሔርም ለሱም ይሻላል። ኪዳን ሊናዘዝ የነበረው ይህን ነው፤ ‹ቤቱን ለኡሙሀኒና ለልጄ እኩል፣ መሬቱን ላረሰው ለወንድሜ ለዘውገ።› እሑድ ምሳ ላይ ሊነግርህ ነበር። ‹ሲሰማ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ለኔ?» አለ ዘውገ።

«ላንተ።»

«አልነገረኝም» አለ። «ለምን አልነገረኝም?» ሁለት ፖሊሶች ገብተው ክንዱን ሲይዙትም ያንኑ ይጠይቅ ነበር። 

ባንችይርጋ ጉዳይዋን ጨርሳለች። ገዳዩ ተይዟል፣ ንጹሗ ተፈትታለች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሻይ የሚያስጠጣ ነገር ነበር። አሁን ግን ንዴቷ ጭራሽ አልበረደም። አንድ ፊርማ፣ አንድ ወረቀት፣ ከበረንዳቸው ቁልቁል የሚታይ አንድ ቢሮ!

«ምን ነክቷችሁ ነው ሃያ ዓመት?» አለቻት ኡሙሀኒን። «የሱንስ ተይው፣ ወንድ ልጅ ነገ ማለት ይወዳል። አንቺ እንዴት አልጎተትሽውም? አሁን እኮ ኑዛዜ የለ፣ ጋብቻ የለ፤ ሚስትነትሽን ለማስረዳት ገና ፍርድ ቤት ስትመላለሺ ልትኖሪ ነው!»

«እሱ ነው እንዴ ያቆየው?» አለች ኡሙሀኒ። «እሱማ በየዓመቱ እንውረድ ይለኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዘመድ እያኮረፈ የተፈረመ ፊርማ ምን ያደርግልኛል፣ በሌባ ደንብ አልጋባም እለው ነበር። ወንድምህ መጥቶ ማዕዳችን ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ጉርሻ ይጉረስ፣ በማግሥቱ እፈርማለሁ አልኩት።» መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ገነተ ማርያም ድረስ በግሩ ሄዶ ለመነው። እሑድ እመጣለሁ አለው። ደስታው ወሰን አጣ፤ በል ሰኞ እንፈርም አልኩት። ቅዳሜ ማሩን በጥብጦ ሲመጣለት ታረቀኝ ብሎ ነው የጠጣለት። ጥራው ያልኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። እኔ ነኝ ጥራው ያልኩት።»

ባንችይርጋ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልትል ፈልጋ ነበር፤ እውነትም ነበር፤ ግን ያን ሰዓት የሚረባ ነገር አልነበረም።

ውጭ ለሠልስቱ የመጡ ለቅሶ ደራሾች ድንኳኑ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ምሥጋናው ተነሣ። ኡሙሀኒን በክንዷ ይዞ፣ በሐዘንተኞቹ መደዳ መጀመሪያ ላይ፣ ለሱ በተዘጋጀው ቦታ አስቀመጣትና ከጎኗ ተቀመጠ። መጋረጃው ሲገለጥ ፊት የገቡት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ዙሪያውን ተመለከቱ፣ አመነቱ፣ ከዚያ ወደ ኡሙሀኒ ጎንበስ ብለው «ያጥናሽ ልጄ፤ የባል ሐዘን ከባድ ነው» አሏት። ከቅዳሜ ጀምሮ እንባ ያልወጣት ኡሙሀኒ ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።